«ስሊፓ» የሚለው የስዊድንኛ ግሥ፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና እርባታው

የማታ ፈረቃ ጽፋለች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በስቶክሆልም አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ዕድሜያቸው ከዘጠና የዘለለ አንዲት እናት አሉ፤ ገላቸውን ላጥባቸው ፎጣውን ይዤ ስገባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው «ካን ያግ ፎ ስሊፓ?» ይሉኛል። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ዛሬ መታጠብ አልፈለጉም። ቃሉን ግን በሚገባ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የማልሰማበት ቀን የለም። ባልደረቦቼ ከሥራ ሲወጡ «ሸንት አት ስሊፓ» ይባባላሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያሉ ማስታወቂያዎችም «ስሊፕ» ብለው ይጀምራሉ።

የኤስኤፍኢ (ለስደተኞች የሚሰጠው የስዊድንኛ ትምህርት) መጽሐፌ በአራተኛው ቡድን ግሦች ሠንጠረዥ ውስጥ «ስሊፓ፣ ስሊፔር፣ ስላፕ፣ ስሉፒት» ብሎ ያልፈዋል። አንዲት ጓደኛዬ «ማምለጥ ማለት ነው» አለችኝ። እኚያ እናት ግን ከማንም እያመለጡ አይደለም፤ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በትሕትና ነው የሚጠይቁኝ። እስቲ የምታውቁ አብራሩልኝ፤ ትክክለኛ ትርጉሙ ምንድን ነው? ከየት መጣ? «ስሌፓ» ከሚለውስ ጋር ዝምድና አለው?

---

የኡፕሳላ አንባቢ መልሷል፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ነገር ግን «ማምለጥ» የቃሉን አንድ ጠርዝ ብቻ ነው የሚይዘው።

«ስሊፓ» ማለት አንድ የማይወደድ ነገር ሊደርስብን ወይም ልንሠራው ግድ ሊሆንብን ሲል ሳይሆን መቅረቱ ነው። ከአማርኛ የሚቀርበው «ቀረልኝ» ይመስለኛል። «ያግ ስሊፔር ዮባ ኢ ሞሮን» ቢሉሽ «ነገ ሥራ ቀረልኝ» ማለት ነው። «ዱ ስሊፔር ኢንቴ» ቢሉሽ ደግሞ «አይቀርልሽም»። የእናታችንም ጥያቄ «ዛሬ ይቅርልኝ?» ነው። «ልኝ» የምትለዋን ተመልከቺ። «ግብዣው ቀረብኝ» ብንል አዝነናል፤ «ስብሰባው ቀረልኝ» ብንል ደስ ብሎናል። ስዊድንኛው ይህንን የደስታ ስሜት በግሡ ውስጥ ጠቅልሎ ይዞታል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በአማርኛ ባለቤቱ ነገሩ ነው፤ የሚቀረው ሥራው ነው። በስዊድንኛ ባለቤቱ ሰውየው ነው፦ «ያግ ስሊፔር»፣ «ሁን ስሊፔር»፣ «ቪ ስሊፔር»። ቃል በቃል እየገለበጥን ስንናገር የሚያደናቅፈን ይኸው ነው።

«ማምለጥ» የሚሆነው ከግሡ በኋላ አቅጣጫ የሚያሳይ ቃል ሲከተል ነው። «ሁንደን ስላፕ ኡት» ማለት ውሻው አምልጦ ወጣ ማለት ነው። ከግሡ በኋላ የክፉ ነገር ስም ብቻ ሲመጣ ደግሞ «ተረፈ» ይስማማዋል። «ሀን ስላፕ በተር» ካሉሽ፣ ሰውየው ከገንዘብ ቅጣት ተርፏል።

---

ከማልሜ መልሳለች፦

በ«ቀረልኝ» እስማማለሁ፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ባልደረቦቿ የሚሉት «ሸንት አት ስሊፓ» እኮ «ተገላገልን!» ነው። ሰውየው እፎይ ብሎ ትከሻው ሲቀለው የሚለው ቃል ነው። ማስታወቂያዎቹም ይህንኑ ነው የሚሸጡት። «ስሊፕ ከን!» ማለት «ከሰልፍ ተገላገሉ!» ነው እንጂ «ሰልፉ ይቅርላችሁ» ተብሎ በአማርኛ አይጻፍም።

አሁን ከልብ የሚያሳስበኝን ልናገር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ሰው የሚያስቀይምበት ቦታ ነውና። ስዊድኖች «አያስፈልግም» ለማለት «ቤሀቨር ኢንቴ» የሚል ሌላ መንገድ አላቸው። «ዱ ቤሀቨር ኢንቴ ኮማ» ብትዪ «መምጣት አያስፈልግሽም» ነው፤ ስሜት የለበትም። «ዱ ስሊፔር ኮማ» ብትዪ ግን «ከመምጣት ተገላገልሽ» ነው፤ መምጣቱ ሸክም እንደነበረ ራስሽ መሰከርሽ። ሰው ቤት ተጋብዘሽ ምግቡ ሲነሣ «አሁን መብላት አያስፈልገኝም፣ ጠግቤያለሁ» ለማለት ብለሽ «ኑ ስሊፔር ያግ ኤታ» ብትዪ፣ ባለቤቷ የምትሰማው «ተመስገን፣ ከምግብሽ ተገላገልኩ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ከማዘውተር በፊት ሦስተኛ ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል።

በሥራሽም ላይ ይጠቅምሻል። አንድ አረጋዊ «ያግ ቪል ስሊፓ» ካሉ «አልፈልግም» ብቻ አይደለም ያሉት፤ ነገሩ እንደከበዳቸው ነግረውሻል። እኔ እንዲህ ሲሉኝ ውሃው ይበርዳቸው እንደሆነ፣ መቆም ይከብዳቸው እንደሆነ ደግሜ እጠይቃለሁ።

---

የግሥ ወዳጅ መልሷል፦

ስለ እርባታውና ስለ አመጣጡ እኔ ልጨምር፤ የምወደው ርዕስ ነው።

ስዊድንኛ ግሦቹን በትምህርት ቤት አከፋፈል በአራት ቡድን ያስቀምጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኃላፊ ጊዜያቸውን መጨረሻቸው ላይ ቅጥያ በመጨመር ይሠራሉ፤ «ታላ» ብሎ «ታላዴ»፣ «ሸፓ» ብሎ «ሸፕቴ»፣ «ቡ» ብሎ «ቡዴ»። በአራተኛው ቡድን ውስጥ ያሉት ጠንካራ ግሦች ግን ቅጥያ ሳይፈልጉ የውስጥ አናባቢያቸውን ይለውጣሉ። የእኛ ግሥ ከእነዚህ አንዱ ነው፦

ንኡስ አንቀጽ፦ ስሊፓ
የአሁን ጊዜ፦ ስሊፔር
ኃላፊ፦ ስላፕ
ሱፒኑም፦ ስሉፒት
ትእዛዝ፦ ስሊፕ

ሱፒኑም የሚባለው ከ«ሀር» ወይም ከ«ሀዴ» ጋር የሚሄደው ነው። «ያግ ሀር ስሉፒት» ቀርቶልኛል፤ «ያግ ሀዴ ስሉፒት» ቀርቶልኝ ነበር። ለወደፊት «ያግ ኮሜር አት ስሊፓ» ይባላል። ተደራጊ ቅርጽ የለውም፤ ትርጉሙ ራሱ ሌላ ተደራጊ አይፈልግም።

አናባቢዎቹን ብቻ ነጥላችሁ አንብቡ፦ ኢ፣ አ፣ ኡ። ይህን መስመር ከያዛችሁ ብዙ ግሥ በአንድ ጊዜ ይከፈትላችኋል። «ሂና» (ጊዜ በቃው፣ ደረሰ) ሀን፣ ሁኒት ይሆናል። «ቪና» (አሸነፈ) ቫን፣ ቩኒት። «ድሪካ» (ጠጣ) ድራክ፣ ድሩኪት። «ስፕሪንጋ» (ሮጠ) ስፕራንግ፣ ስፕሩንጊት። «ፎርስቪና» (ጠፋ) ፎርስቫን፣ ፎርስቩኒት። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስብራት» ስንል ተነባቢዎቹ ባሉበት ቆመው አናባቢዎቹ ናቸው የሚመላለሱት። የቋንቋዎቹ ቤተሰብ የተለያየ ነው፤ ሥርዓቱም በየራሱ መንገድ የተፈጠረ ነው፤ ጆሯችን ግን ለምዶታል።

ወደ አመጣጡ ስንሄድ፣ በጥንቱ የኖርዲክ ቋንቋ «ስሌፓ» የሚል ጠንካራ ግሥ ነበረ፤ ኃላፊው ያን ጊዜም «ስላፕ» ነው። ትርጉሙ ከእጅ ተንሸራትቶ መውጣት፣ ሾልኮ ማምለጥ ነበር። አይስላንድኛ ዛሬም «ስሌፓ፣ ስላፕ» ይላል፤ ዴንማርክኛና ኖርዌይኛ «ስሊፔ» ይላሉ። የዛሬው የስዊድንኛ «ተገላገለ» የሚለው ትርጉም ከዚሁ ከመንሸራተት የወጣ ነው፤ ግዴታ ሊይዝህ ሲል ከእጁ ሾልከህ ወጣህ። «ሁንደን ስላፕ ኡት» የሚለው ምሳሌ ጥንታዊውን ትርጉም እንደያዘ ነው።

አሮጌ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው «ቪ ስሉፖ»፣ «ዴ ስሉፖ» የሚል ቢያጋጥመው አይደንግጥ። ስዊድንኛ በጽሑፍ የብዙ ቁጥር ግሥ ነበረው፤ ከንግግር ቀድሞ የጠፋ ቢሆንም በጋዜጣና በመጽሐፍ ላይ እስከ 1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ሱፒኑሙ ላይ ያለችው «ኡ» በብዙ ቁጥሩ ኃላፊ ላይም ነበረች ማለት ነው።

---

የማታ ፈረቃ ጽፋለች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። አሁን ሦስተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ሲያያዙ «ስሌፕ ሜይ!» ብለው ይጮኻሉ። ሳዳምጠው «ልቀቀኝ» ማለታቸው ነው። ይህ «ስሌፓ» እና የእኛው «ስሊፓ» አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

---

የግሥ ወዳጅ መልሷል፦

ሁለት ናቸው፤ ግን እናትና ልጅ ናቸው። ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ለእኔ የስዊድንኛ ግሥ ትልቁ ምስጢር እዚህ ያለ ነውና።

«ስሊፓ» ራሱ የሚወጣው፣ ራሱ የሚገላገለው ነው። «ስሌፓ» ሌላውን እንዲወጣ የሚያደርገው፣ የሚለቀው ነው። እርባታውም ከጠንካሮቹ ወጥቶ ከደካሞቹ ይመደባል፦ ስሌፓ፣ ስሌፔር፣ ስሌፕቴ፣ ስሌፕት። ሁለቱን በአንድ ውሻ እንያቸው። «ሁንደን ስላፕ ኡት» ውሻው አምልጦ ወጣ፤ «ሁን ስሌፕቴ ኡት ሁንደን» ውሻውን ለቀቀችው። በመጀመሪያው ማንም አልፈቀደም፤ በሁለተኛው በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

አሁን የሚከተሉትን በአማርኛ አስቡአቸው። «ሲታ» ተቀመጠ፤ «ሴታ» አስቀመጠ። «ሊጋ» ተጋደመ፤ «ሌጋ» አጋደመ። «ብሪና» ተቃጠለ፤ «ብሬና» አቃጠለ። «ስፕሪካ» ተሰነጠቀ፤ «ስፕሬካ» ሰነጠቀ። «ፋላ» ወደቀ፤ «ፌላ» ጣለ። እኛ በ«አ» እና በ«አስ» የምንሠራውን ሥራ ስዊድንኛ በአናባቢ ይሠራዋል። በኤስኤፍኢ ክፍል ውስጥ እነዚህ ግሦች በየገጹ ተበታትነው እየተሰጡ ተማሪው ዐሥር የማይዛመዱ ቃላት ያጠናል። ጥንድ ጥንድ ተደርገው ቢሰጡ የእኛ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

«ኤ» ከየት መጣች? ከኃላፊ ጊዜው ተነሡ። «ስላፕ»፣ «ሳት»፣ «ብራን»፣ «ስፕራክ»፤ ሁሉም «አ» አላቸው። የጥንት ጀርመናዊ ቋንቋዎች «አስደረገ» ለማለት በዚህ በ«አ» ግንድ ላይ «ይ» የሚል ድምፅ ይቀጥሉ ነበር። ያ «ይ» ከኋላው ሆኖ የፊቱን «አ» ወደ ራሱ ሳበውና «ኤ» አደረገው። ከዚያ በኋላ «ይ» ራሱ ጠፋ፤ የቀረው የስሕበቱ ፋና ነው። «ውሰድ» የሚለው ለሴት ሲሆን «ውሰጂ»፣ «ክፈት» የሚለው «ክፈቺ» የሚሆነው በተመሳሳይ ጠባይ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣችው «ኢ» የፊቷን ድምፅ ለወጠችው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ የተለወጠው ተነባቢው ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ አናባቢው መሆኑ ነው።

---

የኦስሎ ነዋሪ መልሷል፦

ከጎረቤት አገር አንድ ነገር ላክል። እዚህ ኖርዌይ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። «ስሊፔ» እንገላገልበታለን፤ «ስሊፔ» እንለቅበታለን። ልጆቹ «ስሊፕ ማይ!» ነው የሚሉት። ዴንማርክም እንዲሁ ነው። ስዊድን ሄጄ «ስሊፕ» ስል ሰዎቹ ሐሳቤን ቢረዱም ፊታቸው ላይ ይታወቃል። የግሥ ወዳጅ የዘረዘርካቸው ጥንዶች አብዛኞቹ ግን እዚህም አሉ፤ «ሲቴ» እና «ሴቴ» ለምሳሌ።

---

የኡፕሳላ አንባቢ መልሷል፦

«ስሌፓ» ላይ እኔም አንድ ነገር አለኝ። የትርጉም ስፋቱ ከአማርኛው «ለቀቀ» ጋር በሚገርም ሁኔታ ይሄዳል። ዘፋኝ አልበም ሲያወጣ እኛ «አልበም ለቀቀ» እንላለን፤ እነሱም «ስሌፓ» ይላሉ። የኮንሰርት ትኬት መሸጥ ሲጀምር «ቢልዬቴርና ስሌፕስ» ተብሎ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ተደራጊ ታደርገዋለች። ነገር አናክርር፣ ይለፍ ለማለት «ስሌፕ ዴት!» ይባላል። ከመኪና ሰው ማውረድ ደግሞ «ስሌፓ አቭ» ነው፤ እዚህ ላይ ከእኛ ይለያል።

---

አዲስ ገቢ ጽፏል፦

ጤና ይስጥልኝ። ገና የኤስኤፍኢ ቢ ኮርስ ላይ ነኝ። ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ «ያግ ስሊፔር ዮባ» ትላላችሁ፤ «አት» የት ሄደች? ሁለተኛ፣ ቢላዋ መሳልም «ስሊፓ» ሲባል ሰምቻለሁ። ያው ቃል ነው?

---

የኡፕሳላ አንባቢ መልሷል፦

ወንድሜ፣ «አት» ከ«ስሊፓ» በኋላ አትገባም። «ስሊፓ» እንደ «ኩና»፣ «ቪሊያ»፣ «ቤሀቫ»፣ «ሂና» እና «ኦርካ» ሌላውን ግሥ ያለ «አት» ነው የሚያስከትለው። «ያግ ስሊፔር ስቴዳ» (ከማጽዳት ተገላገልኩ) እንጂ «ስሊፔር አት ስቴዳ» አይባልም። «ሸንት አት ስሊፓ» ውስጥ ያለችው «አት» ከ«ስሊፓ» በፊት ስለሆነች ሌላ ጉዳይ ናት። በንግግር ደግሞ ይህች ከንኡስ አንቀጽ በፊት የምትመጣዋ «አት» ብዙ ጊዜ «ኦ» ብቻ ሆና ነው የምትሰማው።

ቢላዋ መሳል ሌላ ግሥ ነው። ጥያቄው የተነሣው ፊደላችን ስለደበቀው ነው። የእኛ «ስሊፓ» ፓዋ ጠብቃ፣ ከፊቷ ያለው አናባቢ አጥሮ ይነበባል፤ በስዊድንኛ በሁለት «ፕ» ይጻፋል። ቢላዋ የሚሳልበት «ስሊፓ» በአንድ «ፕ» ተጽፎ ፓዋ ትላላለች፤ አናባቢውም ይረዝማል። እርባታቸውም አይገናኝም፤ የቢላዋው የመጀመሪያው ቡድን ነው፦ ስሊፓ፣ ስሊፓር፣ ስሊፓዴ፣ ስሊፓት።

«ገና» የሚለውን በዓሉንና «ገና አልመጣም» የምንልበትን በጽሑፍ መለየት እንደማይቻል አስብ። አንብበን ግን አንሳሳትም፤ ምክንያቱም ማጥበቅና ማላላት ከእናታችን ጋር የተማርነው ነው። ብዙ የውጭ አገር ተማሪ ለዚህ የስዊድንኛ ልዩነት ዓመታት ይታገላል። እኛ ጆሮው አለን፤ የሚያስፈልገው በጽሑፍ ላይ ሁለት «ፕ» ሲታይ «ጠብቅ» ብሎ ማንበብ ብቻ ነው።

---

የአፍ መፍቻ መምህር መልሰዋል፦

ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ ተከታተልኩት። እኔ እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ቃሉ የሚደርሰኝ ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ልጆቹ «ፎር ያግ ስሊፓ?» የሚለው ሐሳብ ይመጣባቸውና አማርኛው ይጠፋባቸዋል። «መምህር፣ አለማንበብ እችላለሁ?» ይሉኛል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ግን እንዲህ የሚል ኢትዮጵያዊ የለም። «ዛሬ ማንበቡ ይቅርልኝ» ወይም «ዛሬ ባላነብስ?» እንዲሉ አስለምዳቸዋለሁ። ምስጋና ለመጀመሪያው መላሽ፤ «ልኝ» እና «ብኝ»ን በዚህ መንገድ ላስረዳቸው ነው።

አንድ ነገር ላርም። «ቀረልኝ» እና «ይቅርብኝ» መንገዳቸው ይለያያል። የቀረበልንን ነገር ስንመልስ «ይቅርብኝ» እንላለን፤ ስዊድኖችም ለዚህ «ያግ ቤር አት ፎ ስሊፓ» የሚል የተዘጋጀ አነጋገር አላቸው። ቃል በቃል «እንዲቀርልኝ እለምናለሁ» ስለሚል በጣም ትሑት ይመስላል። ነገር ግን ሲነገር ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ አንዳንዴም ቁጣ አለበት። የአረጋዊቷ «ካን ያግ ፎ ስሊፓ?» ግን እውነተኛ ልመና ነው። ልጄ ሆይ፣ ሁለቱን አታምታቺ።

---

ከማልሜ መልሳለች፦

መምህር፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። እኔ አንድ ቃል ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ። የልጄ መምህርት ስለ ክፍሉ ድግስ ስትጽፍ ድባቡ «ለስሉፔን» ነበር ብላለች። ውስጡ «ስሉፕ» አለበት። ደግሞም ልጄ ወንድሙን «ስላፕ» ሲለው ሰማሁ፤ ኃላፊ ጊዜ ለሰው ስድብ ይሆናል?

---

የግሥ ወዳጅ መልሷል፦

የመጀመሪያው የቤተሰቡ አባል ነው። «ለስ» ማለት ልቅ፣ ያልታሰረ ነው፤ «ለስሉፔን» ማለት ልጓሙ የወለቀ፣ በደስታ የፈነደቀ። የ«ስሊፓ» የቅጽልነት ቅርጽ ለብቻው በተለመደ ንግግር አይሰማም፤ እዚህ ቃል ውስጥ ግን ሕያው ሆኖ ተቀምጧል። መምህርቷ ልጆቹን አልወቀሰችም፤ ሞቅ ያለ ጨዋታ እንደነበር ነው የጻፈችው።

ሁለተኛው «ስላፕ» ራሱን የቻለ ቅጽል ነው። የላላ፣ የዛለ፣ ወኔ የሌለው ማለት ነው። አጻጻፉና አነባበቡ ከኃላፊ ጊዜው ጋር አንድ ስለሆነ የሚለየው በቦታው ነው። ከ«ኤር» ወይም ከ«ቫር» በኋላ ከመጣ ቅጽል ነው፤ «ሀን ኤር ስላፕ» ልፍስፍስ ነው። ከባለቤቱ አጠገብ ብቻውን ከቆመ ግሥ ነው፤ «ሀን ስላፕ» ተገላገለ። ልጅሽ የትኛውን እንዳለ ወንድሙ ምን እንደመለሰ ካስታወስሽ ይታወቃል።